የሰባተኛው ሳንቃ ጀርባ

የሌላው ሰው አባት ልጁን «ሆዴ» ይላል፣ «ዓይኔ» ይላል። የእኔው «ጆሮዬ» ነበር የሚለኝ። የሰፈር ልጆች ይህን ሰምተው የሳቁብኝን እኔ ነኝ የማውቀው፤ ጸጉሬን ገለጥ አድርገው የጆሮዬን መጠን ያዩ ሁሉ ነበሩ። እኔ ግን ምንም አልከፋኝም። አባዬን የሚያህል ባለሙያ እንዲህ ብሎ ከጠራኝ ነገሩ ሹመት ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በዚያ ዕድሜ ሰው ለሹመት ይቸኩላል።

አባዬ እንጨት ያለብስ ነበር። ሌላው እንጨት ሠሪ ይቆርጣል፣ ይልጋል፣ ይመታል፤ አባዬ ያለብሳል። ቬኒር የሚባል ነገር አለ፤ ከትልቅ ግንድ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ የተገፈፈ የውድ እንጨት ቅጠል ነው። ያንን ቅጠል ተራ ሳንቃ ላይ በትኩስ ኮላ ይለብጠዋል። ጠዋት ማንም ዞር ብሎ ያላየው ሳንቃ፣ ማታ ሰው እጁን ሳያሳርፍበት የማያልፈው ነገር ሆኖ ይወጣል። ይህን እያየሁ አባዬ እንደኛ ዓይነት ሰው አይደለም ብዬ ደምድሜ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም።

ትምህርቴ ግማሽ ቀን ነበር። እማዬ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የከሰዓት ፈረቃ ትገባለች፤ ስለዚህ የአባዬን ምሳ ዕቃ አስይዛ ወደ እንጨት ቤቱ ትሰደኛለች፣ እስከ ማታም እዚያው ነኝ። በሩን ስታልፉ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የመላጊያው ማሽን ነው፤ ጩኸቱ ጥርስ ያንቀጠቅጣል። እሱ ላይ የሚሠራው ቀጮ የሚሉት ሰውዬ ነበር። ቀጮ ያሉት ሆዱን አይተው ነው። ሁለቱ ጆሮው ላይ ጥጥ ወትፎ፣ ጸጉሩ በሰጋቱራ ነጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ለራሱ ይዘፍናል።

ከሱ አልፋችሁ የኋላውን በር ስትከፍቱ የኮላው ክፍል ነው። መስኮቱ በበጋም በክረምትም ዝግ ነው፤ ቀዝቃዛ ንፋስ ከገባ ኮላው ሳይጣበቅ ይረጋል። ሽታው የመጀመሪያ ቀን ያስመልሳል፣ በሁለተኛው ሳምንት ግን የአባት ሽታ ይሆናል። ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ኮላ ነው። ውሃ የያዘ ድስት ውስጥ ሌላ ትንሽ ድስት ይቀመጥና እዚያ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቀልጣል። ከፈላ ተበላሸ ማለት ነው። አባዬ ብሩሹን ከፍ አድርጎ የሚወርደውን ክር ያያል፤ ክሩ ሳይቆረጥ ከወረደ «ደረሰ» ይላል፣ ለማን እንደሚል እንጃ።

መጀመሪያ ያየሁትን ቀን አልረሳውም። ከጥቅሉ ውስጥ ሁለት ቅጠሎች ሳበ። አቧራ የመሰሉ፣ ድብዝዝ ያለ ግራጫ፣ ምንም የማይስቡ ነበሩ። «እነዚህ ግንዱ ውስጥ ተደራርበው የኖሩ ናቸው» አለኝ። ከዚያ ላይኛውን ልክ መጽሐፍ እንደሚገለጥ ገለጠውና ጎን ለጎን አጋደማቸው። በስፖንጅ ውሃ ነካ ነካ አደረጋቸው።

ምን ልበላችሁ። ግራጫው ውስጥ ቀይ ነበረ፣ ማር የመሰለ ቢጫ ነበረ፣ ጥቁር መስመር ነበረ። በግራ ያለው መስመር ሁሉ በቀኝም አለ፤ ወደ መሃል መጥተው ይገናኛሉ፣ ተያይዘው ይወጣሉ። እስክሞት ዳግመኛ የማላየውን ነገር አሁን አየሁ ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ትንፋሼ እንዳይነካው እጄን አፌ ላይ አደረግሁ።

«እዚያ ውስጥ ማን ሣለው?» አልኩት።

ፊቴን አይቶ ሳቀ እንጂ አልመለሰልኝም። ለነገሩ አባዬ ለጥያቄ መልስ የሚሰጠው አንዳንድ ቀን ብቻ ነበር።

ሥራው ሲጀመር ደግሞ ፍጥነቱ ጉድ ነው። ሳንቃው ላይ ኮላውን በብሩሽ ይለቀልቃል፣ ቅጠሉን ያሳርፋል፣ ከዚያ ሰፊ የነሐስ ምላስ ያለውን መግፊያ በሁለት እጁ ይዞ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከመሃል ወደ ዳር ይገፋል። ትርፉ ኮላ በጠርዙ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። ኮላው ከመርጋቱ በፊት ያለው ጊዜ አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ እስኪያጠልቅ ያህል ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ያልተገፋ አየር እዚያው ይቀራል። አየር የቀረበት ቦታ ከላይ ሲታይ ያምራል፤ ከወራት በኋላ ግን ያብጥና እንደ ተቃጠለ ቆዳ ይነሳል።

ለዚህ ነው እንጨት ቤቱ አንድ የቆየ ሥርዓት የነበረው። የለበጠ ሰው በገዛ ሥራው ላይ አይፈርድም። ሰሚ የሚባል ሌላ ሰው መጥቶ ሳንቃውን ከዳር እስከ ዳር በጥፍሩ እያንኳኳ ይሰማዋል። ሙሉ ቦታ «ድቅ» ይላል፣ ባዶው «ኮፍ» ይላል። ከዚያ በሳንቃው ጀርባ ላይ በወፍራም እርሳስ ሁለት መስመር ይጻፋል፦ የለበጠ እገሌ፣ የሰማ እገሌ። ሳንቃው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ጽሑፉ አብሮ ይቀበራል፣ ማንም አያየውም። ብቻ ይጻፋል።

ሽማግሌው ሰሚ ጉልበታቸው ደክሞ ቤት ሲገቡ፣ የእንጨት ቤቱ ባለቤት አዲስ ሰው መቅጠር አልፈለገም። ባለ ከረባቱ ነበር የምንለው፤ በዚያ ሁሉ ሰጋቱራ መሃል ከረባት አስሮ የሚውል ሰው። «አንተው ለብጥ፣ አንተው ስማ፤ ካንተ የተሻለ ጆሮ ያለው ማን አለ?» አለው ለአባዬ። አባዬ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

በማግስቱ ነው አባዬ እኔን የሾመኝ። ወንበር ላይ አወጣኝና አንዱን ጆሮዬን ሳንቃው ላይ አስደገፈኝ። «እኔ ሳንኳኳ አንቺ ትሰሚያለሽ። ሙሉ ከሆነ ራስሽን ነቅንቂ። ባዶ ከሆነ እንዳለሽ ቁሚ። አፍ አያስፈልግም» አለኝ። ለምን አፍ እንደማያስፈልግ እኔ ገባኝ፦ እንጨቱ ውስጥ የሚኖረው ነገር እንዳይደነግጥ ነው። እዚያ ውስጥ የሆነ ነገር እንደሚኖር አልተጠራጠርኩም። ሲያንኳኩበት የሚመልስ ነገር እንዴት አይኖር?

«ይኼ የኔና ያንቺ ብቻ ነው» አለኝ ደግሞ። በዚያን ቀን ቤት እስክደርስ መሬቱን የረገጥኩ አይመስለኝም።

ባንኳኳ ቁጥር ዓይኑን ከፊቴ አይነቅልም ነበር። እጁ ሳንቃው ላይ፣ ዓይኑ እኔ ላይ። ሌላ ሰው እንደዚያ ትኩር ብሎ አይቶኝ አያውቅም፤ ከዚያ ወዲህም ያየኝ የለም። ሠራተኞቹ በበሩ ሲያልፉ ሰውዬው ልጁን እያጫወተ ነው ብለው ፈገግ ይላሉ።

አሁን ልንገራችሁ። አባዬ አይሰማም ነበር። ወደ ኮላው ክፍል ከመግባቱ በፊት ቀጮ የቆመበት ማሽን ላይ አሥራ አራት ዓመት የቆመው እሱ ነው፤ ያኔ ጥጥ የሚወትፍም አልነበረም። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋው፣ ቀጥሎ የሰዓት፣ ቀጥሎ የሰው ሹክሹክታ። እኔ ስወለድ ማልቀሴን የሚያውቀው አፌን አይቶ ነበር አሉ። ይህን ሁሉ የተረዳሁት አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ነው።

ያኔ ግን ለሁሉም ነገር የራሴ ማብራሪያ ነበረኝ። ሰው መንገድ ላይ ሰላም ሲለው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያልፋል፤ ጆሮውን ለእንጨት ነው የሚቆጥበው እላለሁ። እማዬ ቤት ውስጥ የምትጮኸውን ጩኸት ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፦ «ጨው አቀብለኝ» ለማለት ሦስት ቤት ታሰማለች። እማዬ ቁጡ ናት፣ አባዬ ደግሞ ታጋሽ ነው ብዬ በልቤ ፈርጄባት ነበር። ምስኪን እናቴ፣ ድምፅዋ ጎርንኖ የቀረው በፍቅር ነው።

ቀጮን ደግሞ ጠምጄ ይዤው ነበር። ባለ ከረባቱ በግቢው በር ብቅ ባለ ቁጥር ቀጮ ቁራጭ እንጨት ያነሳና በተከፈተው በር የአባዬን ጀርባ ይመታዋል። አባዬ ዞር ሲል ቀጮ በአገጩ ወደ ግቢው ያሳየዋል። ባለጌ፣ ትልቅ ሰው ይደበድባል እል ነበር። አንድ ቀን ተበቅዬው ምሳው ላይ ሰጋቱራ ነሰነስኩበት። በልቶ ጨረሰና «ዛሬ ወጡ ወፍራም ነው» አለ። ዛሬ ሳስበው፣ ቀጮ፣ አባዬ ኮላው ክፍል ከገባ ጀምሮ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ እንጨት እየወረወረ የአባዬን እንጀራ ጠብቆለታል።

አሥራ ሁለቱ ሳንቃዎች የመጡት በዚያ ዓመት ነው። ለአዲሱ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ግድግዳ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ከአባዬ ቁመት በላይ። ባለ ከረባቱ የኮላው ክፍል ድረስ መጥቶ፣ ላቡን እየጠረገ፣ አባዬ ፊት ቆመ።

«የነሱ መርማሪ እያንዳንዷን ሊያንኳኳት ነው። አንዷ ባዶ ሆና ብትገኝ አሥራ ሁለቱም ይመለሳሉ፤ አንተም አብረሃቸው ቤትህ ትገባለህ።»

አባዬ ከንፈሩን ትክ ብሎ አየና «ገብቶኛል ጌታዬ» አለ።

እኔም ገብቶኝ ነበር። ማታ ቤታችንን በርምጃ ለካሁት። አሥራ ሁለት ሳንቃ ወደ ቤታችን ከገባ አልጋው መውጣት አለበት። ይህን ለእማዬ ልነግራት ስሄድ አባዬ ፊት ለፊት ቆማ እየጮኸች አገኘኋት። «አንድ ቀን ይታወቅብሃል። ልጅቷ ላይ እኮ ነው የጣልከው። ይኼን ሸክም ልጅቷ ላይ ጣልከው» ትለዋለች።

ምሳ ዕቃውን ነው የመሰለኝ። «አይከብደኝም እማዬ፣ በአንድ እጄም እችለዋለሁ» አልኳት። እማዬ ሳብ አድርጋ አቀፈችኝና ጸጉሬ ላይ ለረዥም ጊዜ ተነፈሰች። ለአንድ ምሳ ዕቃ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር።

ሥራው ተጀመረ። የመጀመሪያው ሳንቃ ሙሉ፤ ነቀነቅሁ። ሁለተኛውም ሙሉ። ሦስተኛው ላይ፣ ከታች በቀኝ ጥግ «ኮፍ» አለ። እንዳለሁ ቆምኩ። አባዬ በጠመኔ ክብ አሰመረ፣ ምላጭ አወጣ፣ ቅጠሉን በመስመሩ ተከትሎ ሰነጠቀው። በቀጭን ቢላዋ ትኩስ ኮላ ወደ ውስጥ ላከ። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ የጋለ ካውያ ጫነበት። እንጨቱ ጮኸ። ረዥም፣ ቀጭን ጩኸት፣ ከእንፋሎት ጋር። እንባዬ መጣ። አባዬ ግን ካውያውን አላነሳም፤ ይህን ጩኸት እየሰማ እንዴት ያስችለዋል ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁት። እሱ ምን ሊሰማ።

ሰባተኛው ሳንቃ ሲለበጥ ቀጮ ሳይቀር ማሽኑን አጥፍቶ መጣ። ሁለቱ ቅጠሎች ሲገለጡ መሃል ላይ ወፍ ወጣች። ያለ ማጋነን ነው፤ ሁለት ክንፏን ዘርግታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ላባዋ አንድ በአንድ የሚቆጠር። ስፖንጁ ሲነካት ደረቷ ቀላ። ቀጮ ከጆሮው ጥጡን አወጣ፣ የሚሰማ ነገር ያለ ይመስል። «ይኼንንስ እግዜር ለራሱ ነበር ያስቀመጠው» አለ ቀስ ብሎ። አባዬ አልሰማውም፣ ግን እሱም እንደዚያው ያለ ፊት ነበረው።

ተለበጠ። ረጋ። ወንበሬ ላይ ወጣሁና ጆሮዬን ደረቷ ላይ አደረግሁ። እንጨቱ ገና ሙቀት ነበረው። አባዬ ማንኳኳት ጀመረ። ድቅ። ነቀነቅሁ። ድቅ። ነቀነቅሁ። ቀኝ ክንፏን ጨረስን፣ ወደ ግራ ተሻገርን።

ከግራ ክንፏ ሥር «ኮፍ» አለ።

ካውያው ምድጃው ላይ ግሎ ተቀምጧል። ምላጩ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነው። ዝም ብዬ ብቆም ክንፏን ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያም ትጮኻለች። ደግሞ ያ ባዶ ቦታ ልቧ ያለበት ቢሆንስ? የምትተነፍስበት ቢሆንስ?

ራሴን ነቀነቅሁ።

አባዬ እጁ እዚያው ቀረ። አንዴ ደግሞ አንኳኳ። ኮፍ። ነቀነቅሁ። ለትንሽ ጊዜ አየኝ፣ ከዚያ አለፈ። እስከ መጨረሻው ሄድን፣ የቀረው ሁሉ ሙሉ ነበር።

ከወንበሩ አወረደኝና «ጆሮዬ፣ ዛሬ ቀድመሽ ወደ ቤት ሂጂ» አለኝ። እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም ነበር። መንገዱን ሁሉ ሰለቸሁት ማለት ነው እያልኩ ሄድኩ። እሱ ሲመጣ የግራ አውራ ጣቱ ውሃ ቋጥሮ አብጦ ነበር። እማዬ እጁን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራ «ምን ሆንክ?» ብላ ጮኸችበት። «የኮላው ድስት ነው» አላት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት ኑሮ አልነበሩም። ሳንቃዎቹ ፊት ለፊት ተገጥመው፣ ክብደት ተጭኖባቸው ተቀምጠዋል፤ ወፏን ላያት አልችልም። የሠራሁት ነገር ገብቶኛል። አንዷ ባዶ ከሆነች አሥራ ሁለቱም፣ አባዬም። እሱ ቤት ሲገባ አልጋው ይወጣል፣ ምሳ ዕቃ የምወስድበት ቦታ አይኖርም፣ ያንን ክፍል ዳግመኛ አላየውም። አባዬን አጠፋሁት። ይህን ይዤ እበላለሁ፣ ይህን ይዤ እደምራለሁ እቀንሳለሁ፣ አስተማሪዬ «ምን ነካሽ?» ስትለኝ ሆዴን ነው እላለሁ።

የምርመራው ቀን ትምህርት ስላልነበረ አባዬ ይዞኝ ሄደ። አዳራሹ ገና መጽሐፍ አልገባበትም ነበር፤ እርምጃችን ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። አሥራ ሁለቱ ሳንቃዎች ለጊዜው በየቦታቸው ቆመዋል፣ ሊሰቀሉ። ከከፍታው መስኮት የሚገባው ብርሃን አረፈባቸው። እንደዚያ አብረው አይቻቸው አላውቅም። ፍርሃቴ እንኳ ለአፍታ ዝም አለ፤ የአባቴ እጅ ይህን ሁሉ ሠራ ብዬ እጁን አየሁት፣ ቁስሉ ገና አልደረቀም።

መርማሪው ባርኔጣውን አውልቆ ለባለ ከረባቱ አስያዘው። ጫፉ ላይ ትንሽ የእንጨት ኳስ ያለበት ዘንግ አወጣና ጀመረ። አንደኛ። ሁለተኛ። እያንዳንዱን ከላይ እስከ ታች። የባለ ከረባቱ ጣቶች ባርኔጣውን ይጨምቃሉ። ስድስተኛ። ሰባተኛው ጋ ሲደርስ እሱም ወፏን አይቶ ለጥቂት ጊዜ ዘንጉን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ቀኝ ክንፍ፤ ድቅ፣ ድቅ። አንገት። ደረት። ግራ ክንፍ።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

ድቅ አለ።

አንዴ ደግሞ፤ ድቅ። የሞላ፣ የጠገበ ድምፅ፣ ከሁሉም የጠለቀ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ። ሳንቃዎቹን ሊሰቅል የመጣው ቀጮ «ሽንቷ መጥቶ ነው» ብሎ አንጠልጥሎ ወደ ውጭ ወሰደኝ። አልመጣብኝም ነበር፣ ግን እሱን ማስረዳት የሚቻል አልነበረም።

አሥራ ሁለቱም አለፉ። አባዬ ከመሰቀላቸው በፊት እርሳሱን ይዞ ወደ ጀርባቸው ዞረ። «ምን ትጽፋለህ?» አልኩት እጄን አወዛውዤ። «የእንጨቶቹን ስም» አለኝ። ሠራተኞቹ አነሷቸው፣ ሰቀሏቸው፣ ጀርባቸው ከግድግዳው ጋር ተጋጠመ።

እኔ በልቤ ነገሩን ጨርሼው ነበር። ወፏ አዝኜላት ስለማርኳት ራሷን ሞላች። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ይህን ስንት ዓመት አመንኩት። ካደግሁ በኋላ እንኳ፣ ምናልባት ያን ቀን ጆሮዬ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ አለዘብኩት እንጂ ለአባዬ ዋሽቼህ ነበር ብዬ አልነገርኩትም። የሱን ሚስጥር ከሰማሁ በኋላማ ጭራሽ አፈርኩ። የማይሰማ ሰው ጆሮውን አምኖ ሲሰጠኝ የዋሸሁት እኔ፣ በምን አፌ።

ባለፈው ወር ቤተ መጻሕፍቱ የኤሌክትሪክ መስመር ይቀየርበታል ተብሎ ተዘጋ። ሳንቃዎቹ ከተሰቀሉ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እንደ ልማዴ ልገባ ስሄድ በሩ ላይ አንዲት ወጣት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽቦ ትጠቀልላለች፤ ከኋላዋ አሥራ ሁለቱ ሳንቃዎች ከግድግዳ ወርደው ተደግፈዋል። ጀርባቸው ወደኛ ነው። «የአባቴ ሥራ ናቸው» አልኳት። አየችኝና በሩን ለቀቀችልኝ።

የመጀመሪያው ላይ የአባዬ ወፍራም እርሳስ፦ «የለበጠ፦ እኔ። የሰማ፦ ልጄ።» ሁለተኛው ላይም «የሰማ፦ ልጄ»። ሦስተኛው ላይም። ያን ቀን ባለ ከረባቱ አንዱን አዙሮ ቢያይ ያልቅለት ነበር። ስድስት ዓመት ሲደብቀው የኖረውን ነገር፣ ሠራተኞቹ እስኪያነሷቸው ድረስ በግልጽ ጽፎ አስቀምጦታል። ሥርዓቱ የሰማውን ሰው ጻፍ ይላል፤ የሰማሁት እኔ ነበርኩ፤ ጻፈ።

ሰባተኛው ላይ ስደርስ ጽሑፉ ይረዝማል።

«የለበጠ፦ እኔ። የሰማ፦ ልጄ። ከግራ ክንፉ ሥር ባዶ መሆኑን ነግራኛለች። ተሞልቷል።»

ልጅቷ ሽቦዋን አስቀምጣ ሳንቃውን እንዳዞር ረዳችኝ። ወፏ እንደ ነበረች ናት። ፊቴን ከእንጨቱ ጋር አስተካክዬ በጎን ብርሃን አየሁ። ከግራ ክንፏ ሥር፣ በሁለት ላባ መሃል፣ የላባውን መስመር ተከትላ የሄደች የጣት ርዝመት ያላት ስንጥቅ አለች። ሠላሳ አንድ ዓመት እያየኋት አላየኋትም። ጥፍሬን እንኳ አትይዝም። አንኳኳሁት። ድቅ።

በስልኬ አነሳሁትና ወደ አባዬ ቤት ሄድኩ። አሁን ምንም አይሰማም። የገዛሁለትን የጆሮ መሣሪያ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦት «ሠርግ ሲኖር አደርገዋለሁ» ይላል። እማዬ ከጓዳ ሆና ማን መጣ ብላ ጮኸች፤ ልማድ ነው። ስልኩን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ፣ አርቆ፣ አቅርቦ አነበበው። የግራ አውራ ጣቱ ላይ ያች ነጭ ጠባሳ አለች።

ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ፣ ከንፈሬን እንዲያይ ቀስ ብዬ፣ «እኔ እኮ ሙሉ ነው ነበር ያልኩህ» አልኩት። «ዋሽቼህ ነበር።»

«ራስሽማ ነቅንቋል» አለ። «ፊትሽ ግን እዚያው ቆመ። አንቺ እኮ ፊትሽ መዋሸት አይችልም። እኔ የምሰማው በፊትሽ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጣኸኝም?»

ግራ የገባው ሰው መሰለ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና መነጽሩን አወለቀ።

«ሰው የገዛ ጆሮውን ይቆጣል እንዴ?» አለኝ።

እንባዬን ሲያይ ጠጋ አለና፣ እንደ ዱሮው፣ በጥፍሩ ግንባሬን ሁለት ጊዜ አንኳኳ። ዓይኑን ፊቴ ላይ ተክሎ ጠበቀ።

ራሴን ነቀነቅሁለት።